ስለ ድዋርፍ ፎርትረስ የወለል ጌጥ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ድዋርፍ ፎርትረስ ስለሚባለው የኮምፒውተር ጌም የታይል አሣሣል፣ ማለትም የጌሙ ካርታ ስለሚነጠፍባቸው ትናንሽ ባለ አራት ማዕዘን ሥዕሎች፣ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ማግኘት ብርቅ ነው። በዚህም የተነሣ አንድ የሙያ ባልደረባ ሰሞኑን በጉዳዩ ላይ ያቀረቡትን ረዘም ያለ ጽሑፍ ሳገኝ አንድ ጊዜ ደስ ብሎኝ፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ቅር እያለኝ አነበብሁት። ጸሐፊው ጌሙን እንደሚወዱት ያስታውቃል፤ ሥዕል እንደሚችሉም ከአቀራረባቸው ይታያል። ሆኖም ያነሷቸው ነጥቦች፣ ለዚህ ጌም የጌጥ ታይል መሥራት የሚፈልግ ወጣት እንዳሉ ቢቀበላቸው፣ ከወራት ድካም በኋላ የማይነበብ ምሽግ ታቅፎ እንዲቀር የሚያደርጉት ስለ መሰለኝ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ነጥቦቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው። የጌሙ ፊደላዊ ገጽታ ከአቅም ማጣት የመጣ ስለሆነ፣ ሥዕላዊው ቅጂ በ2022 ከወጣ ወዲህ በፊደል ታይል ላይ መድከም ከንቱ ነው፤ ታይሉ በተለቀ ቁጥር ጌጡ ያምራል፤ የተቀረጸ ወለልና ግድግዳ እያንዳንዱ ታይል በራሱ የተሟላ፣ ባለ ሙሉ ቀለም ሥዕል ሊሆን ይገባል፤ ለጌጡ ከብራና መጻሕፍት ሐረግና ከመሶብ ስፌት የተሻለ ምንጭ የለም፤ በመጨረሻም የላቲኑን ምልክቶች በግእዝ ፊደላት ተክተን ጌሙን የራሳችን ማድረግ እንችላለን። ከአምስቱ በአራተኛው ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ፤ በሌሎቹ ግን አልስማማም።

ጌሙን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ወንድማማቾቹ ታርንና ዛክ አዳምስ ሥራውን በ2002 ጀምረው በነሐሴ ወር 2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነፃ ለሕዝብ ለቀቁት። ተጫዋቹ ተራራ የሚቦረቡሩ፣ አዳራሽ የሚያንጹ፣ ዕቃ የሚሠሩና አልፎ አልፎ የሚያብዱ ድንኮችን ይመራል። በፊደላዊው ቅጂ ካርታው በሙሉ በምልክት የተሞላ ነው፤ ድመት ትንሿ የላቲን «ሲ»፣ ድራጎን ትልቁ «ዲ»፣ ድንክ ፈገግ ያለ ፊት፣ ሐውልት ደግሞ የግሪኩ ኦሜጋ ነው። ምልክቶቹ አይቢኤም በ1981 ላወጣው የግል ኮምፒውተር ከተዘጋጀውና ኮድ ፔጅ 437 ከሚባለው ስብስብ የተወሰዱ ሲሆኑ ቁጥራቸው 256 ብቻ ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልመለስ። ፊደሉ የአቅም ማጣት ውጤት ነው የሚለው አባባል ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። ታርን አዳምስ ከዚህ ጌም በፊት ሲሠራ የነበረው፣ ድዋርፍ ፎርትረስም በሙሉ ስሙ «ምዕራፍ ሁለት» የተባለለት፣ የመጀመሪያው የአርሞክ ጌም ባለ ሦስት አውታር ሥዕል ነበረው። ስለዚህ ሰውየው ሥዕልን ሞክሮ ካየው በኋላ ወደ ፊደል የመጣ ነው። ምክንያቱም ለሚያውቀው ግልጽ ነው፤ በፊደል ዓለም ውስጥ አዲስ አውሬ ለመጨመር አንድ ፊደልና አንድ ቀለም መመደብ ይበቃል፤ በሥዕል ዓለም ግን እያንዳንዱ አውሬ፣ ተክልና የዕቃ ዓይነት ሠዓሊ ይጠብቃል። ሥራው የሁለት ሰዎች በነበረባቸው ዓመታት የጌሙ ዓለም ያን ያህል ሊሰፋ የቻለው ሠዓሊ መጠበቅ ስላላስፈለገው ነው። በኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ2012 የመጀመሪያዎቹን 14 የቪዲዮ ጌሞች ወደ ስብስቡ ሲያስገባ ድዋርፍ ፎርትረስ አንዱ የነበረው በዚያው በፊደሉ ገጽታ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ስሕተት ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው ፊደሉን የሥዕል ተቃራኒ አድርገው ያስቀምጡታል። በዚህ ጌም ውስጥ ፊደል የሚባለው ነገር ከመጀመሪያውም ሥዕል ነበር። ስክሪኑ ላይ የሚታየው እንደ ድሮ ተርሚናል የተተየበ ጽሑፍ አይደለም፤ ጌሙ ከአንድ የምስል ፋይል ላይ፣ 16 ረድፍና 16 ዓምድ ካለው ሠንጠረዥ፣ ትናንሽ ሥዕሎችን እየቆረጠ ካርታው ላይ የሚለጥፍበት ዘዴ ነው። ፋይሉን በማንኛውም የሥዕል ፕሮግራም ከፍቶ ማረም፣ በሌላ ስም ማስቀመጥ፣ ከዚያም በቅንብር ፋይሉ ላይ ስሙን መቀየር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የታይል ሠዓሊዎች የተወለዱት ከዚህች ቀዳዳ ነው። የሥዕላዊውን ቅጂ ታይሎች የሣሉት ሚሃው ማዴይና ጄኮብ ቦውማን ራሳቸው ከዚያ በፊት ለዓመታት በ256ቱ ሳጥን ውስጥ ሲሠሩ የኖሩ፣ በዚያው ሙያ የታወቁ ሰዎች ናቸው። ከንቱ የተባለው ድካም ያስተማራቸውን ይዘው ነው ወደ ትልቁ ሥራ የገቡት።

ለጸሐፊው የሚገባቸውንም ልስጥ። ፊደላዊው ካርታ ለጀማሪ ግድግዳ ነው፤ ይህን የሚክድ ካለ ጌሙን ለዘመዱ ለማሳየት ሞክሮ አያውቅም ማለት ነው። በኪትፎክስ ጌምስ አሳታሚነት በታኅሣሥ 2022 ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ የወጣው ሥዕላዊ ቅጂ በመጀመሪያው ወር ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ መሸጡ ብዙ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ እንደነበር ያሳያል። ፊደላዊው ቅጂ ግን ከዚያ በኋላም በነፃ መታደሉ አልቀረም፤ የሚሥሉለትም አሉ። የአንዱ መሸጥ የሌላው መሞት ምስክር ሊሆን አይችልም።

ስለ መጠን የተባለው በሁለት ስሌት የሚያልቅ ነው። 1920 በ1080 ነጥብ (ፒክስል) ባለው ስክሪን ላይ ባለ 16 ነጥብ ታይል 120 ዓምድና 67 ረድፍ፣ ማለትም ከ8 ሺህ በላይ ታይል ያሳያል፤ ባለ 32 ነጥብ ታይል ግን 60 ዓምድና 33 ረድፍ፣ ማለትም ከ2 ሺህ ያነሰ። የአንድ ታይል ጌጥ አራት እጥፍ ሲበለጽግ የምሽጉ ጌጥ አራት እጥፍ ይሸፈናል። የግንባታ ጌም ውበት አዳራሹ ከነመተላለፊያዎቹ በአንድ እይታ ሲታይ እንጂ አንዷን ንጣፍ በአጉሊ መነጽር ሲያዩ ባለመሆኑ፣ ትልቅ ታይል የሚመርጥ ሰው ምን እንደሚከፍል አውቆ ይምረጥ። በዚህ ላይ ሌላ አልጨምርም፤ ይልቅ የታይሉ ቅርጽ ከመጠኑ ይበልጥ ያሳስበኛል። ከጌሙ ጋር ከሚመጡት አንዱ ስፋቱ 8፣ ቁመቱ 12 ነጥብ ስለሆነ አሥራ አንድ በአሥራ አንድ ተደርጎ የተቆፈረ ክፍል እንደ ቁም ሣጥን ሆኖ ይታያል፤ ክብ አዳራሽም ዕንቁላል ይሆናል። ወለል ማስጌጥ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ወደ አራት ማዕዘን እኩል ታይል ይሻገር፤ የቀረው ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

ሦስተኛው ነጥብ የነገሩ እምብርት ስለሆነ እዚህ ላይ መቆየት ይኖርብኛል። ጸሐፊው እያንዳንዱ የተጌጠ ታይል ራሱን የቻለ ባለ ቀለም ሥዕል እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ለምሳሌም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መስመር ያለው የወለል ታይል አቅርበዋል። ታይሉን ለብቻው ሳየው እውነት ለመናገር ያምራል። ችግሩ ወለል ላይ ሲነጠፍ የሚሆነው ነው።

በፊደላዊው ቅጂ የታይሉን ቀለም የሚወስነው ሠዓሊው አይደለም፤ ድንጋዩ ነው። ጌሙ የታይሉን እያንዳንዱን ነጥብ ወስዶ ከቁሱ ቀለም ጋር ያባዛዋል። ነጭ ነጥብ የቁሱን ቀለም እንዳለ ይለብሳል፤ ግራጫ ነጥብ ያንኑ ቀለም ጠቆር አድርጎ ያሳያል፤ ጥቁር ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አሁን የጸሐፊውን ባለ ሦስት መስመር ታይል ተጫዋቾች ሁሉ በሚያውቁት፣ በየምሽጉ እንደ ጎርፍ በሚገኘው ውኃ ሰማያዊ ድንጋይ፣ በማይክሮክላይን ላይ እናንጥፈው። ውኃ ሰማያዊ ማለት አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ያለው፣ ቀይ ብርሃን የሌለው ማለት ነው። አረንጓዴው መስመር አረንጓዴ ይሆናል። ቢጫው የቀይና የአረንጓዴ ድምር ስለሆነ ቀዩ ሲሰረዝበት እሱም አረንጓዴ ይሆናል። ቀዩ መስመር በዜሮ ተባዝቶ ይጠቁራል። ሠንደቅ ዓላማ የነበረው ነገር ሁለት አረንጓዴና አንድ ጥቁር መስመር ሆኖ አረፈ። ባለሙያዎቹ የወለል ታይል በነጭና በግራጫ ብቻ የሚሥሉት ጌጡን ድንጋዩ ራሱ እንዲቀባው ነው። በሥዕላዊው ቅጂ ይህ ገደብ እንደሚላላ አምናለሁ፤ ጸሐፊው ግን ነጥቡን ያነሡት ለሁለቱም ቅጂዎች ነው።

ሁለተኛው ችግር ከቀለም ይብሳል። በአሮጌው አሠራር ካርታውና ጽሑፉ አንድ ሠንጠረዥ ይጋራሉ። ያልተስተካከለ የድንጋይ ወለል የሚታየው በነጥብ፣ በነጠላ ሰረዝና በመሰሎቻቸው ምልክቶች ነው። የተስተካከለ ወለል የመደመር ምልክት ነው። ከሌላው ተነጥሎ የቆመ የተስተካከለ ምሰሶ ትልቁ የላቲን «ኦ» ነው። ይህን በሥራዬ መጀመሪያ ላይ በንባብ አውቀው ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ሥዬ ከጨረስሁ በኋላ ነው። በሠንጠረዡ አምስተኛ ረድፍ መጨረሻ ላይ ያለውን ትልቁን «ኦ» አጥፍቼ አናቱ ላይ ቅጠል ያለው፣ በአራት ግራጫ ደረጃ የተሞሸረ ምሰሶ ሣልሁበት። አንድ ምሽት ሙሉ ፈጅቶብኛል። ጌሙን ስከፍት አዳራሹ እንዳሰብሁት ሆነ፤ ከዚያ ኦሊንና ኦቦክ የሚባሉ ድንኮቼ በየማስታወቂያው ስማቸው በምሰሶ እየጀመረ መጣ። ማስታወቂያ ባነበብሁ ቁጥር ምሰሶ። ዝርዝር በከፈትሁ ቁጥር ምሰሶ። በሁለተኛው ቀን ታይሉን ደመሰስሁት። በኋላ ተጫዋቾች የጽሑፉን ታይል ከካርታው የሚለይ ተጨማሪ ፕሮግራም ሠርተዋል፤ ሥዕላዊው ቅጂም ለዕቃና ለግድግዳ የየራሱን ሥዕል ሰጥቷል። ነገር ግን ታይሉን ለሌሎች የሚያካፍል ሰው ተቀባዩ ሁሉ ያን ፕሮግራም እንደጫነ ሊያስብ አይችልም።

የመደመር ምልክቱ ነገር ከምሰሶውም ይጠልቃል። የወለል ጌጥ ሲባል በፊደላዊው ቅጂ በአመዛኙ ይህን አንድ ምልክት መሣል ማለት ነው፤ በሠንጠረዡ ሦስተኛ ረድፍ፣ ከግራ አሥራ ሁለተኛው ቦታ ላይ ይገኛል። ይኸው ምልክት ግን ዕቃ ጥሩ ሆኖ ሲሠራ ስሙን ከግራና ከቀኝ ያቅፈዋል። ጌሙ የአሠራር ጥራትን የሚያሳየው እንዲህ ባሉ ምልክቶች ነው፤ ከመደመር ከፍ የሚሉ ሌሎች ምልክቶች አሉ፣ የመጨረሻው ታላቅ ሥራ የፀሐይ ምልክት ያገኛል፤ ያው የፀሐይ ምልክት የዋጋ ምልክትም ነው። እንግዲህ ወለሉን ባለ ሙሉ ሥዕል ንጣፍ አድርገን ከተካነው መጋዘኑ ውስጥ ያለ ሰይፍ ሁሉ በሁለት ንጣፍ መካከል ተቀርቅሮ ይቀመጣል። ጥራቱን የሚያነብ ዓይን የሚፈልገው መደመርን ነው።

ስለዚህ ሥራው ጌጥ የሆነ መደመር፣ መደመርም የሆነ ጌጥ ማግኘት ነው። እኔ የደረስሁበትን ልግለጽ። ባለ 16 ነጥብ ሳጥን መካከለኛ ዓምድ የለውም፤ 16 ለሁለት እኩል ስለሚከፈል መካከሉ በሁለት ነጥቦች መሐል ይወድቃል። ብዙ ጀማሪዎች ከዚህ ለመሸሽ የመስቀሉን ክንድ ሁለት ነጥብ ወፍራም ያደርጉታል፤ ወለሉም እንደ መስኮት ፍርግርግ ይከብዳል። እኔ በአንጻሩ ክንዱን አንድ ነጥብ አድርጌ በዘጠነኛው ዓምድና በዘጠነኛው ረድፍ ላይ አቆምሁት፤ ከግራ የመጀመሪያውን ዓምድ፣ ከላይ የመጀመሪያውን ረድፍ ባዶ ተውሁ። ታይሉ ለብቻው ሲታይ ወደ ቀኝና ወደ ታች አንድ ነጥብ የተንሸራተተ ይመስላል። ሲነጠፍ ግን ያች ባዶ ዓምድ የሁለት ጎረቤቶች የጋራ ድንበር ትሆናለች፤ ከመስቀሉ ክንድ በግራም በቀኝም ሰባት ሰባት ነጥብ ይቀራልና ሚዛኑ ሞልቶ ይገኛል። ክንዶቹ ጫፍ ሳይደርሱ ሁለት ነጥብ ሲቀራቸው በግራጫ እየደበዘዙ እንዲያልቁ ካደረግን ደግሞ በአራት መስቀሎች መካከል ማንም ያልሣለው የአልማዝ ቅርጽ ብቅ ይላል። ያን አልማዝ ነው ተጫዋቹ እንደ ምንጣፍ የሚያየው። በዝርዝሩ ውስጥ ግን ምልክቱ ምንጊዜም መደመር ነው፤ ትንሽ ያጌጠ መደመር።

ከዚሁ ነጥብ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ጸሐፊው የተቀረጹ ታይሎች ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጦረኛ እንዲያሳዩ ይመክራሉ። በዚህ ጌም ውስጥ ግን ቀራጺው ድንክ የሚቀርጸውን በአብዛኛው ራሱ ይመርጣል፤ በዚያ ዓለም ታሪክ ውስጥ የሆነ ግድያ፣ የንጉሥ ሹመት፣ አውሬ፣ አንዳንዴም ተራ ቅርጽ ሊሆን ይችላል። ተጫዋቹ ታይሉን ሲመረምር የሚያገኘው የቀራጺውን ስምና የተቀረጸውን ነገር በቃላት ነው። የጌሙ እውነተኛ ጌጥ ያ ጽሑፍ ነው። ታይሉ ላይ ዝሆን ሥለን ጽሑፉ ስለ አይብ ቢያወራ ታይሉ ዋሸ ማለት ነው። (በድሮዎቹ ቅጂዎች ዝሆን ስንት ምሽግ እንዳፈረሰ የሚያስታውስ ተጫዋች በየወለሉ ዝሆን ሲያይ የሚሰማውን አልናገርም።) የተቀረጸ ወለል በየምልክቱ እየተዝረከረከ ዓይን እንደሚያደክም ጸሐፊው ያነሡት ቅሬታ ትክክል ነው፤ ለዚያ ግን ጌሙ ራሱ ቅርጾቹን የሚሰውር ቅንብር አለው። የታይሉ ድርሻ እዚህ ቦታ ላይ ታሪክ አለ፣ ቀርበህ አንብብ ብሎ መጥቀስ ነው።

አራተኛው ነጥብ፣ የራሳችንን ጌጥ እንጠቀም የሚለው፣ ልቤን የነካው ነው፤ ቅሬታዬ በምንጭ አመራረጡ ላይ ነው። የብራና ሐረግ ውበቱ በመስመሩ ጉዞ ላይ ነው፤ አንዱ ክር በሌላው ላይ ይወጣል፣ ከሥሩ ይገባል፣ ይታጠፋል፣ የገጹን ራስ ዞሮ ይመለሳል። መስመሩ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት። የወለል ታይል ግን ጎረቤቱን አያውቅም፤ ሺህ ጊዜ ራሱን ይደግማል እንጂ። ሐረግ ቆርጦ ወለል ላይ ማንጠፍ ከአንድ ደብዳቤ አንዲት መስመር ቀዶ ሺህ ጊዜ እንደ መቅዳት ነው።

በዚህ ጌም ውስጥ ጎረቤቱን የሚያውቅ ግድግዳው ነው። የተስተካከለ ግድግዳ እንደ አጠገቡ ያለው ነገር እየተለዋወጠ በድርብ መስመር ምልክቶች ይታያል፤ ቁም፣ አግድም፣ አራቱ ማዕዘኖች፣ አራቱ ባለ ሦስት መገናኛዎችና መስቀለኛው፣ በድምሩ አሥራ አንድ። ድርብ መስመር ደግሞ ከመጀመሪያው ሁለት ክር ነው! ጸሐፊው ሐረጉን ወደዚህ ቢወስዱት ኖሮ ጽሑፋቸውን በጭብጨባ እቀበል ነበር። ዘዴው አሥራ አንዱም ታይሎች በየጠርዛቸው በአንድ ቦታ ላይ እንዲገናኙ ማድረግ ነው፤ ባለ 16 ነጥብ ታይል ከሆነ በስድስተኛውና በአሥራ አንደኛው ነጥብ ላይ። ሁለቱ ክሮች በእያንዳንዱ ታይል ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጠላልፈው በገቡበት ከፍታ መውጣት አለባቸው፤ አንዴ ብቻ ከተጠላለፉ የላይኛው የታች ሆኖ ይወጣና በሚቀጥለው ታይል ላይ ክሩ ይበጠሳል። መስቀለኛውን ሲሥሉ መጠንቀቅ ያሻል፤ ያው ምልክት ለቀስተኞች መተኮሻ ቀዳዳ ያለው ግድግዳም ስለሆነ መካከሉን በጠልሰም ከደፈኑት ተጫዋቹ ቀዳዳው የቱ ጋ እንደሆነ ይጠፋዋል።

መሶቡን ግን እንተወው። ስፌት ከመካከል ተነሥቶ እየዞረ የሚሰፋ ነገር ነው፤ በሰንደዶና በአክርማ የሚወጣው ንድፍ ከእምብርቱ እየራቀ በሄደ መጠን እየሰፋ፣ እየዘመመ ይሄዳል። ያን በእኩል አራት ማዕዘኖች ላይ ሲያሳርፉት ክቡ ደረጃ ይሆናል፣ መዝመሙም ይጠፋል። መሶብን የሚመስል ወለል ማድረግ የሚፈልግ ተጫዋች ታይል ከመሣል ይልቅ የተለያየ ቀለም ያለው ድንጋይ እየመረጠ በትልቅ አዳራሽ ላይ በክብ ቢያነጥፍ ይሻለዋል፤ ያ የግንበኛ ሥራ ነው፣ የታይል ሠዓሊ አይደለም።

ለወለል የሚሆነው ምንጭ ከአንገታችን ላይ ያለው ነው፤ የነጠላና የቀሚስ ጥለት። ሸማኔ ጥለት ሲያወጣ የድሩን ክር ይቆጥራል፤ ይህን ያህል አንሥቶ፣ ይህን ያህል ትቶ፣ ባለ ቀለሙን ማግ ያሳልፋል። ሰያፍ መስመር ሲፈልግ በየማጉ አንድ ክር ወይም ሁለት ክር ይሻገራል። ክብ መሥራት ስለማይችል በአልማዝ፣ በመስቀል፣ በሦስት ማዕዘንና በዚግዛግ ያስባል። ይህ ከፒክስል ሠዓሊ ሥራ ጋር አንድ ነው፤ ክሩ ነጥብ፣ ማጉ ረድፍ ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዶ አንድ የጥለት ጠርዝ ገዝቶ፣ ንድፉ በስንት ክር ራሱን እንደሚደግም በመርፌ ጫፍ የቆጠረ ሰው ከማንኛውም የታይል ማስተማሪያ ይልቅ ብዙ ይማራል። ለምሳሌ ጫፉ በአንድ ክር የሚያልቅ አልማዝ ስፋቱ ምንጊዜም ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ ቀጥሎ ያለው አልማዝ እንዳይጣበቅበት አንድ ክር ይተውለታል። አሥራ አምስትና አንድ አሥራ ስድስት ነው። ከላይ ስለ መደመሩ የተናገርሁት ባዶ ዓምድ ከዚህ የተገኘ ነው። የጥለቱን ቀለማት ግን አልወሰድሁም፤ ቀለሙን ድንጋዩ ይስጥ።

የመጨረሻው፣ ላቲኑን በፊደላችን እንተካ የሚለው ሐሳብ፣ በስሜት የሚገፋ ስለሆነ በቁጥር ልመልሰው። ሠላሳ ሦስቱ ሆሄያት ከነሰባት ቤታቸው 231 ናቸው። የግእዝ ቁጥሮች 20 ሲጨመሩ 251። አምስት ቦታ ቀረ፤ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ ሲገቡ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። ዲቃሎቹ፣ እነ ሏ፣ ቋና ጓ፣ ደጅ ቀርተዋል። ግድግዳ የለም፣ ወለል የለም፣ ሐውልት የለም። የጌሙ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነም ማስታወቂያው ሁሉ ትርጉም የለሽ የፊደል ክምር ይሆናል። ቦታ ቢገኝ እንኳ በ8 ነጥብ ስፋት ጠን የሚሥል ሰው ለሦስቱ እግሮችና ለሁለቱ ክፍተቶች አምስት ዓምድ ይከፍላል፤ ጢን ከጤ የምትለየው ቀለበት ደግሞ መሐሏ አንዲት ነጥብ ብቻ ሆና ትቀራለች። ዓይን ያቺን ነጥብ በሺህ ታይል መካከል አይለቅማትም። ጌሙን በአማርኛ ማየት የምንፈልግ ከሆነ የሚያስፈልገን ትርጉም ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ፣ ከሠዓሊ ይልቅ ጸሐፊና ፕሮግራመር የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ከፊደል ሠራዊታችን ግን ለወለል የሚሆን አንድ ክፍል አለ፤ ሥርዓተ ነጥቡ። የብራና ጸሐፊዎች አራት ነጥብንና ሰባቱን ነጥቦች በቀይና በጥቁር እያፈራረቁ ጌጥ ሲያደርጓቸው ኖረዋል። እኔም የጠጠር ወለሉን የላቲን ነጥብ ሳልነካ አራት ነጥብን በመደመሩ አራት ማዕዘኖች ላይ ለማሳረፍ ሞክሬ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ነጥቦቹን ስምንት ስምንት ፒክስል አራርቄ አስቀመጥኋቸው፤ ርቀቱ በታይሉ ውስጥም በታይሎቹ መካከልም እኩል ስለሆነ አራት ነጥብ ጠፋ፣ ወለሉም ጥራጥሬ የተበተነበት መሰለ። በሁለተኛው በታይሉ ውስጥ ያለውን ርቀት ወደ ስድስት አጠበብሁት፤ በጎረቤታሞች መካከል ያለው አሥር ሆነ። ያኔ አራት ነጥቦቹ እንደገና በአራት በአራት ተሰባሰቡ፣ መደመሩም በመካከላቸው ተነበበ።